«ካልተኮሰ አይጸዳም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ሰንብቷል። ርዕሱ «ሽጉጥህን አትነካካው» ይላል። የተጻፈው በፈቃድ ሽጉጥ ለያዙ ሰዎችና ለታጠቁ የጥበቃ ሠራተኞች ነው። ቋንቋው ቀላል፣ ሐሳቡም ግልጽ ነው። ብዙ ሰው የተቀባበለው ለዚህ ይመስለኛል። ሥራ የሚቀንስ ምክር ደግሞ ሁሌም ይወደዳል።

እኔ የጥበቃ ሠራተኞችን መሳሪያ በመፍታት፣ በመጠገንና በመግጠም ዓመታት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ጽሑፉን ሳነብ አንዳንድ ቦታ ላይ «ልክ ነው» ብያለሁ። አንዳንድ ቦታ ላይ ግን ደነገጥኩ። ምክሩን እንዳለ የሚከተል ሰው፣ ሽጉጡ በሚያስፈልገው ቀን የማይተኩስ ብረት ይዞ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ላስቀምጥ። ያላሉትን እንዳሉ አድርጎ መመለስ ተገቢ አይደለም።

የመጀመሪያው ነጥባቸው፣ የዘመኑ ሽጉጥ ሳይጸዳ በሺህ የሚቆጠር ጥይት ስለሚተኩስ ጽዳት የድሮ ወታደር ልማድ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ያልተተኮሰ ሽጉጥ ስለማይቆሽሽ መነካት የለበትም። ሦስተኛው፣ ዘይት አቧራ ይስባል፤ አቧራ በሚበዛበት አገር ሽጉጥ ደረቅ ሆኖ ነው መያዝ ያለበት። አራተኛው፣ መፍታትና መግጠም ብረቱን ይበላዋል፤ ከዚያም በላይ ስንቱ ሰው ሽጉጥ ሲወለውል ባርቆበት ተጎድቷል። አምስተኛው፣ የግድ ካስፈለገ ቤት ውስጥ ያለው ይበቃል፤ ለማጠቢያ ቤንዚን፣ ለቅባት የምግብ ዘይት። ስድስተኛውና የመጨረሻው፣ አምራቾች «በየጊዜው አጽዱ» የሚሉት ዘይትና ብሩሽ ለመሸጥ ነው።

በተራ እሄዳለሁ።

የፋብሪካ ሙከራና የእኛ ሽጉጥ

የመጀመሪያው ነጥብ ውስጥ እውነት አለ። ጥሩ ሽጉጥ ጥሩ ጥይት ካገኘ ሳይጸዳ በመቶ የሚቆጠር ጥይት ይተኩሳል። አፈሙዙ ውስጥ ትንሽ የባሩድ ጥላሸት መኖሩ ዒላማ አያስትም። ሃምሳ ጥይት ተኩሶ አፈሙዙ እስኪያንጸባርቅ ግማሽ ቀን የሚፈትግ ሰው ጊዜውን ያባክናል። በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንለያይም።

ያቀረቡት ማስረጃ ግን አያስኬድም። የቆመው በፋብሪካ ሙከራ ላይ ነው። ለሙከራ የሚቀርብ ሽጉጥ አዲስ ነው። የሚጎርሰው ጥይት የተመረጠ ነው። ተኩሱ በአጭር ጊዜ ያልቃል። ላብ አይነካውም፣ ክረምት አያልፍበትም፣ ወገብ ላይ ታስሮ በአቧራ መንገድ አይመላለስም። የእኛ ሽጉጥ ኑሮ እንዲህ አይደለም።

በሙከራ ታሪክ ስሙ የገነነውን እንኳ እናንሳ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1911 የአሜሪካ ጦር አዲስ ሽጉጥ ለመምረጥ ተወዳዳሪዎችን ፈተነ። ጆን ብራውኒንግ የነደፈው የኮልት ሽጉጥ 6000 ጥይት ተኩሶ አንድ ጊዜም አልነከሰም፤ ማለትም ጥይት ይዞበት አልቆመም። እስከ ዛሬ በአድናቆት የሚወራው ይህ ነው። አብሮ መነገር ያለበት ግን ይቀራል። ሽጉጡ በየ100 ጥይቱ እንዲቀዘቅዝ ይደረግ ነበር። በየ1000 ጥይቱ ደግሞ ይጸዳና ዘይት ይቀባ ነበር። ያ ሁሉ ዝና የተገኘው እየተጸዳ በተተኮሰ ሽጉጥ ነው።

«የዘመኑ መሳሪያ ጽዳት አያስፈልገውም» የሚለውን ሐሳብ በሕይወታቸው የከፈሉበትም አሉ። ኤም 16 የተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ቬትናም ሲገባ ራሱን በራሱ የሚያጸዳ ነው ተብሎ ይወራ ነበር። ለብዙ ወታደሮች የጽዳት ዕቃ እንኳ አብሮ አልተሰጠም። ጠመንጃው በውጊያ መሃል ይነክስ ጀመር። ወታደሮች የነከሰ ጠመንጃ እንደያዙ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1967 የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ጉዳዩን መረመረ። እርግጥ ነው፣ ምክንያቱ የጽዳት ጉድለት ብቻ አልነበረም። የባሩዱ ዓይነት ተቀይሮ ነበር። ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍልም ክሮም አልተለበጠም ነበር። ጠመንጃና ሽጉጥም አንድ አይደሉም። ሆኖም ከመፍትሔዎቹ አንዱ የጽዳት ዕቃ ማደልና አጸዳዱን በሥዕል ጭምር ማስተማር ነበር። ወሬው ወታደሩን ያዘናጋው በዚያው ልክ ነው።

ከዚህ ነጥብ ሳልወጣ አንድ ትልቅ ነገር ልጨምር። ጸሐፊው ጥይትን ሁሉ አንድ አድርገው ያዩታል። ጥይት ግን አንድ አይደለም። እኛ አገር ማካሮቭ የሚባለው የሶቪየት ሽጉጥ በብዙ ሰው እጅ አለ። ሌላው የሶቪየት ሽጉጥ ቶካሬቭም አለ። ለእነዚህ የሚሆነው የድሮ የሶቪየትና የምሥራቅ አውሮፓ ጥይት ብዙው ካፕሱሉ ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ኬሚካል አለበት። ካፕሱል የምለው ቀልሁ ቂጥ ላይ ያለችውን፣ መርፌው የሚመታትን ክብ ነገር ነው። ኬሚካሉ ሲቃጠል አፈሙዙ ውስጥ ጨው ትቶ ይሄዳል። ጨው እርጥበት ይስባል። በሐምሌ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጥይት ተኩሶ ሽጉጡን ሳያጸዳ የሚያሳድር ሰው ዝገት ቢያገኝ አይገረም።

ይህን ጨው ዘይት አያሟሟውም። የሚያሟሟው ውሃ ነው። ስለዚህ አፈሙዙን በፈላ ውሃ ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት ማስነካት ነው። የድሮ ወታደር ከተኩስ በኋላ በዚያው ቀን መሳሪያውን ይወለውል የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ጸሐፊው «ልማድ» ያሉት ነገር ኬሚስትሪ ነበር። የዛሬ የፋብሪካ ጥይት አብዛኛው ይህ ችግር የለበትም። የጥይታችሁን ዓይነት በእርግጠኝነት ካላወቃችሁ ግን ጨው እንዳለበት ቁጠሩት። ቀን አታሳድሩት።

ያልተተኮሰ ሽጉጥ

ከስድስቱ ነጥቦች ይህ ሁለተኛው ነው ያስደነገጠኝ።

ሽጉጥ የሚጎዳው ሲተኮስ ብቻ ቢሆን ምክሩ ትክክል ይሆን ነበር። በእጄ ካለፉት የተበላሹ ሽጉጦች ግን ብዙዎቹ ከነጭራሹ ያልተተኮሱ ናቸው። ምክንያቱን እዩት።

አንደኛ ላብ አለ። የጥበቃ ሠራተኛ ሽጉጡን ወገቡ ላይ ታጥቆ ሙሉ ቀን ይቆማል። ላብ ጨው ነው። ልብስ ሥር የሚያዝ ሽጉጥ ደግሞ ከቆዳ ጋር ተጣብቆ ነው የሚውለው። በዋሽንግተን አካባቢ በታጠቀ ጥበቃነት የሚሠሩ ወገኖቻችን የበጋውን ወበቅ ያውቁታል። ድሬዳዋ ወይም ጋምቤላ የሚሠራም ያውቀዋል። ቀድሞ የሚዝገው ሰው የማያየው ቦታ ነው። የማነጣጠሪያው ሥር፣ የእጀታው ብሎኖች፣ ከእጀታው ልባስ ጀርባ ያለው ብረት።

ሁለተኛ የቆዳ ማህደር አለ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ቆዳው ሲለፋ የገባበት ኬሚካልም ውስጡ ይቀራል። ሽጉጥ በቆዳ ማህደር ይታጠቃል እንጂ በቆዳ ማህደር አይቀመጥም። በጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ማኖርም ያው ነው። ጨርቁ የክረምቱን እርጥበት ጠጥቶ ብረቱ ላይ ይተኛል። ባለቤቱ «አልነካሁትም፣ እንደ አዲስ ነው» ይላል። ጨርቁ ሲፈታ ቀይ የዝገት ቅርጽ ብረቱ ላይ ታትሞ ይገኛል።

ሦስተኛ ብናኝ አለ። ከልብስ የሚረግፍ የጥጥ ብናኝ በአፈሙዙ ይገባል፣ መርፌውን የሚመታው መዶሻ ሥር ይጠራቀማል፣ ጥይት የሚሞላበት ካዝና ውስጥ ይሞላል። ካዝናውን ለብቻው ላንሳው፤ ሰው ሁሉ ይረሳዋል። የኢራቅ በረሃ አሸዋ የአሜሪካ ወታደሮችን ቤሬታ ኤም 9 ሽጉጥ ሲያስቸግር በተለይ የታማው ካዝናው ነበር። ጥይቱን ወደ ላይ የሚገፋው ሞላ አሸዋ መሃል ሲሠራ ይደክማል፣ ጥይቱም በሰዓቱ አይደርስም። ሽጉጡን ሲወለውል ውሎ ካዝናውን አንድ ጊዜ ያልከፈተ ሰው ሥራውን አልጨረሰም።

አራተኛው የቆየ ቅባት ነው። ይህ በተለይ ማካሮቭ ያላችሁን ይመለከታል። ማካሮቭ በሶቪየት ጦር የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። አሠራሩ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን አንድ ልታውቁት የሚገባ ነገር አለው። ጥይቱን የሚመታው መርፌ ወደ ኋላ የሚመልሰው ሞላ የለውም። ቀዳዳው ውስጥ እንዲሁ ልቅ ሆኖ ነው የሚኖረው። ሽጉጡን ፈታችሁ ላይኛውን ብረት፣ ማለትም ጥይት ለማጉረስ ወደ ኋላ የሚሳበውን ክፍል፣ ብትወዘውዙት መርፌው ሲንኳኳ ትሰሙታላችሁ። ቀዳዳው ውስጥ የገባ ግሪስ ወይም ዘይት በዓመታት ውስጥ ሲደርቅና ሲወፍር መርፌውን ያጣብቀዋል። ያኔ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ መዶሻው ሲመታው ኃይሉ ይደክምና ጥይቱ ይከሽፋል። ወይ ደግሞ መርፌው ወደ ፊት ወጥቶ ይቀራል። ወጥቶ የቀረ መርፌ ያለው ሽጉጥ ጥይት በሚያጎርሱበት ጊዜ ቃታ ሳይሳብ ሊባርቅ ይችላል።

አንድ አዛውንት በፈቃድ የያዙትን ማካሮቭ አምጥተውልኝ ያውቃሉ። «አልተነካም፣ ንጹሕ ነው» ነበር ያሉኝ። በውጭ ሲታይ እውነትም ያምር ነበር። ፈትቼ ላይኛውን ብረት ስወዘውዘው ድምፅ የለም። መርፌው በደረቀ ግሪስ ተይዟል። ቅባት በሚያሟሟ ፈሳሽ ከታጠበና ከደረቀ በኋላ እንደገና መንኳኳት ጀመረ። አባት ያንን ሽጉጥ ለዓመታት ቤታቸውን ይጠብቅልኛል ብለው ነበር ያኖሩት። «ካልተኮሰ አይጸዳም» የሚለው ምክር የሚጎዳው እንዲህ ያሉ ሰዎችን ነው። ተኩሰው አያውቁም፤ ስለዚህ ችግሩን የሚያውቁበት ሌላ መንገድ የላቸውም።

እኔና ጸሐፊው የምንለያየው በዋናነት እዚህ ላይ ነው። እሳቸው የጽዳቱን ጊዜ የሚቆጥሩት በጥይት ነው። እኔ ሽጉጡ ባሳለፈው ነገር ነው የምቆጥረው። ላብ፣ ዝናብ፣ አቧራ፣ የቆመበት ጊዜ። ተኩስ ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው። ደግሞም ጽዳት ማለት ማየት ነው። የተሰነጠቀ ክፍል፣ የላላ ብሎን፣ የደከመ ሞላ የሚገኘው ሲፈታ ብቻ ነው።

ዘይትና አቧራ

ሦስተኛው ነጥብ ግማሹ እውነት ነው። ዘይት ሲበዛ አቧራ ይሰበስባል። አቧራና ዘይት ሲቀላቀሉ ብረት የሚፈጭ ጭቃ ይሆናሉ። ሽጉጡን ዘይት ውስጥ ነክረው የሚያወጡ ሰዎች አሉ፤ ጸሐፊው እነሱን መምከራቸው ትክክል ነው።

መፍትሔው ግን ማድረቅ አይደለም። ደረቅ ብረት በብረት ላይ ሲንሸራተት ይፋተጋል፣ ይሞቃል፣ ይቆረጣል። ደረቅ ብረት ይዝጋልም። አቧራው ደግሞ ዘይት ስለሌለ ተመልሶ አይሄድም። መፍትሔው ትንሽ ዘይት፣ በትክክለኛው ቦታ፣ ቶሎ ቶሎ መጥረግ ነው።

ትንሽ ስል በእውነት ትንሽ ነው። ግሎክ የተባለው የሽጉጥ አምራች ለሽጉጦቹ የሚመክረው ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው። ላይኛው ብረት በሚንሸራተትባቸው ሐዲዶች ላይ፣ በአፈሙዙ ውጫዊ አካል ላይ፣ ከኋላ ደግሞ የቃታው ብረት ከሌላው ብረት ጋር በሚነካካበት ነጥብ ላይ። በቃ። ለማካሮቭም ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው። ላይኛው ብረት የሚሄድባቸው ሐዲዶች፣ ሞላው የተጠለፈበት የአፈሙዝ ውጫዊ አካል፣ መዶሻው የሚዞርበት ቦታ። በጣት ሲነካ የሚታወቅ ስስ ሽፋን በቂ ነው። የሚንጠባጠብ ከሆነ በዝቷል።

ዘይት የማይገባባቸው ቦታዎችም አሉ። የመርፌው ቀዳዳ አይቀባም፤ ለምን እንደሆነ ከላይ ተናግሬአለሁ። የካዝናው ውስጥ አይቀባም፤ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። ጥይት ፈጽሞ አይቀባም። በተለይ ሰርስሮ የሚገባ ቀጭን ዘይት በካፕሱሉ ጠርዝ ገብቶ ጥይቱን ሊገድለው ይችላል። ጥይት ስትሞሉ እጃችሁን ከዘይት አድርቁ። አፈሙዙን ለማቆየት ከቀባችሁትም ከመተኮሳችሁ በፊት በደረቅ ጨርቅ አውጡት።

መፍታት፣ መግጠምና መባረቅ

አራተኛው ነጥብ ሁለት ነገር አጣምሮ ይዟል። አንዱን በቶሎ ልለፈው። ያለ አግባብ ማጽዳት መሳሪያ ይጎዳል፤ ይህ እውነት ነው። ብዙ የድሮ ጠመንጃ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የተበላው በጥይት ሳይሆን በብረት መወልወያ ዘንግ ነው። ስለዚህ ዘንጉ የነሐስ ወይም የፕላስቲክ ይሁን። ብሩሹም የብረት አይሁን፤ የድሮ የጥርስ ብሩሽ ብዙ ሥራ ይሠራል። እያንዳንዷን ብሎን መፍታትም አያስፈልግም። ማካሮቭ ላይ ካዝናው ይወጣል፣ ላይኛው ብረት ይወጣል፣ ሞላው ከአፈሙዙ ላይ ይወጣል። ለመደበኛ ጽዳት ከዚህ ማለፍ የለባችሁም። ለዚህ ያህል መፍታት ሽጉጡ የተሠራበት ነገር ነው፤ አይበላውም።

ሁለተኛው ግን የሰው ሕይወት ነው። ሲወለውል ባረቀበት የሚለውን ዜና ሁላችንም ሰምተናል። ጸሐፊው ይህን ማንሳታቸውን አከብራለሁ። የደረሱበት መደምደሚያ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የሚባርቀው ስለተወለወለ አይደለም፤ ሳይራገፍ ስለተወለወለ ነው። ለዓመታት ያልተከፈተ ሽጉጥ ደግሞ ጥይት ይጉረስ አይጉረስ ባለቤቱ ራሱ ይረሳዋል። እንዲህ ያለው ነው ቤት ውስጥ የሚያሰጋው።

ስህተቱ ብዙ ጊዜ የቅደም ተከተል ነው። ሰውየው መጀመሪያ ላይኛውን ብረት ይስባል። የጎረሰው ጥይት ተስፈንጥሮ ይወጣል። ብረቱ ሲመለስ ግን ካዝናው ገና ውስጥ ነውና ሌላ ጥይት ያጎርሳል። ከዚያ ካዝናውን ያወጣል። አንድ ጥይት ሲወጣ በዓይኑ አይቷል፣ ካዝናውም እጁ ላይ ነው። ባዶ ነው ብሎ ያምናል። ከዚያ ቃታ ይስባል።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ካዝናው ይወጣል። ቀጥሎ ላይኛው ብረት ወደ ኋላ ይሳባል፣ እዚያው ይያዛል። ከዚያ ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል በዓይን ይታያል፣ በጣትም ይዳሰሳል። አፈሙዙ ይህ ሁሉ ሲሆን ሰው ወደሌለበት ዞሮ ነው። ጥይቱ በሙሉ ወደ ሌላ ክፍል ይወሰዳል። ጽዳት የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ግሎክ ያላችሁ ደግሞ እዚህ ጋ ቆም በሉ። ግሎክ እንዲፈታ መጀመሪያ ቃታው መሳብ አለበት። አሠራሩ ነው። ሳያረጋግጥ ቃታውን የሳበ ሰው ግሎክ አያስጠነቅቀውም። ማካሮቭ እንዲህ አይደለም፤ የቃታው መከለያ ወደ ታች ተስቦ ነው የሚፈታው። ከማካሮቭ ወደ ግሎክ የተሻገሩ የጥበቃ ሠራተኞች በዚህ ልዩነት ምክንያት ከሌላው በላይ መጠንቀቅ አለባቸው።

ጽሑፉ ያላነሳው ሌላ አደጋም አለ፤ እሱም እርሳስ ነው። የብዙ ጥይት ካፕሱል የእርሳስ ውሕድ አለበት። ጥይቱም ራሱ እርሳስ ነው። ከአፈሙዝ የሚወጣው ጥቁር ነገር ምግብ ከሚቀርብበት ጠረጴዛ ጋር መገናኘት የለበትም። ልጆች አጠገብ አይሁኑ። አየር የሚገባበት ቦታ ምረጡ። ሲያበቃ እጃችሁን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ታጠቡ፣ የጠረጋችሁበትን ጨርቅም ጣሉት።

የምግብ ዘይትና ቤንዚን

አምስተኛው ነጥብ ቢታረም በጣም ደስ ይለኛል።

የምግብ ዘይት አየር ሲያገኝ ይደርቃል፣ ይወፍራል፣ ሙጫ ይሆናል። ይህን እናቶቻችን ያውቁታል። ምጣድ በጎመን ዘር የሚታሰሰው ለዚህ ነው። የዘሩ ዘይት በእሳት ላይ ደርቆ ሸክላውን የሚሸፍን ጠንካራ፣ ለስላሳ ልባስ ይሠራል። እንጀራው አይያዝም። ለምጣድ በጣም ጥሩ ነገር ነው። ሽጉጥ ውስጥ ግን የሚንቀሳቀስ ብረት ነው ያለው። እዚያ የደረቀ ልባስ ማለት የማይንሸራተት ብረትና የማይመታ መርፌ ማለት ነው። የኑግ ዘይት በተለይ ቶሎ ከሚደርቁት ነው። ሱፍም ያው ነው። በቀባችሁበት ቀን ሽጉጡ ይንሸራተታል፣ ያስደስታል። ከወራት በኋላ ግን ቡናማ ሙጫ ታገኛላችሁ። ከላይ የነገርኳችሁን የአዛውንቱን ማካሮቭ አስቡ።

ቤንዚን ቅባት ያጥባል፤ በዚህ አልከራከርም። ግን ተኑ ከሩቅ እሳት ይይዛል። ከሰል በተቀጣጠለበት፣ ቡና በሚፈላበት ቤት ውስጥ በቤንዚን ሽጉጥ ማጠብ ቤተሰብን ማቃጠል ነው። ለዝገትም መከላከያ አይሆንም። ሌላ ነገር ከጠፋ ነጭ ጋዝ ይሻላል። እሱም ከእሳት ርቆ፣ አየር ባለበት ቦታ ነው፤ ከዚያ ደርቆ ዘይት ካልተቀባ ብረቱን ራቁቱን ይተወዋል።

ጸሐፊው «ቤት ያለው ይበቃል» ያሉበት አንድ ትክክለኛ ቦታ ግን አለ። ንጹሕ የሞተር ዘይት ይሠራል። ያልተነካ፣ ከቆርቆሮው የወጣ ማለቴ ነው። ከሞተር የተቀዳው ጥቁር ዘይት አይደለም፤ እሱ ውስጥ የብረት ብናኝና አሲድ አለ። የመሳሪያ ዘይት እስኪገኝ ድረስ ጥቂት ጠብታ ንጹሕ የሞተር ዘይት ከማንኛውም የምግብ ዘይት ይሻላል። ደብሊው ዲ 40 የሚባለው የሚረጭ ፈሳሽም በየሱቁ አለ። ውሃ ያባርራል፤ ዝናብ ለመታው ሽጉጥ በቶሎ ይረዳል። ዋና ቅባት አድርጎ መያዝ ግን አይቻልም። የሚተወው ሽፋን ስስ ነው፣ አይቆይም። ጥይት አጠገብም አይረጭም።

አምራቾች ዘይት ሊሸጡ ነው?

የመጨረሻውን አጭር ላድርገው። በመሳሪያ ዘይት ስም የሚሸጥ ውድ ነገር ብዙ ነው። አብዛኛው አያስፈልጋችሁም። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ዘይት፣ የነሐስ ወይም የናይሎን ብሩሽ፣ የጥጥ ጨርቅና አንድ ዘንግ ይበቃል።

«አጽዱ» የሚለው ምክር ግን የተጻፈው ለሽያጭ ነው ማለት አያሳምንም። የግሎክን መመሪያ ተመልከቱ። ሽጉጡ አዲስ ሲሆን ከመጀመሪያው ተኩስ በፊት ይጸዳ ይላል። ከዚያ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ። ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ። እንዲሁም ዝናብ፣ ላብ፣ ጨዋማ ውሃ ወይም አቧራ ሲነካው። «ካልተኮሰ አይጸዳም» የሚል የለም፤ ወር የተቆጠረው ላልተተኮሰውም ነው። ያው መመሪያ ደግሞ የሚያዘው ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው። ዘይት ለመሸጥ የሚፈልግ ሰው ጥቂት ጠብታ አይልም። በዚህ ልክ አንድ ጠርሙስ ዓመታት ይቆያል።

እንግዲህ «በየስንት ጊዜው?» ለሚለኝ የምመልሰው ይህን ነው። በየቀኑ የምትታጠቁት ከሆነ ማታ ስታወልቁ ውጪውን ዘይት በነካ ጨርቅ ጥረጉት፤ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም። በወር አንድ ጊዜ ፈትታችሁ አጽዱት፣ ካዝናውንም ጭምር። አቧራ በሚበዛበት ቦታ የምትሠሩ ከሆነ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ አድርጉት። ከተኮሳችሁ በዚያው ቀን፤ ቢዘገይ በማግስቱ። የድሮ ጥይት ከሆነ ማግስትም የለም። ዝናብ ከመታው ወይም ውሃ ከገባበት ቤት እንደደረሳችሁ። ቤት የሚቀመጥ ከሆነ በበጋ በየሁለትና ሦስት ወሩ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም በየወሩ ክፈቱና እዩት። ለረጅም ጊዜ በግሪስ ተይዞ የቆየ ሽጉጥ ከተረከባችሁ ደግሞ አንድም ጥይት ሳታጎርሱ በፊት ግሪሱን በሙሉ አጥባችሁ አውጡ፤ የመርፌውን ቀዳዳ ለሚያውቅ ሰው ስጡ። ፈቃድ ያለው ባለሙያ ጋ መሄድ አያሳፍርም።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ። በሌላው ነጥብ ሁሉ ባንስማማም ግድ የለም፤ ያከራክራል። የምግብ ዘይትና የቤንዚኑን አንቀጽ ግን እባክዎ ያንሱት። ጽሑፉ ብዙ ሰው ጋ ደርሷል፤ እርማቱም በእርስዎ ስም ቢወጣ ለእነዚያው ሰዎች ይደርሳል።